የዋግ ቁልቋል

ክንዱ ማንጎውን የቆረጠ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ «ሰውዬው ለየለት» አለ። ምን ይበል ሰፈሩ? ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ፣ ከጣና ዳር እልፍ ብሎ ባለው በዚያ ግቢ፣ ግማሹን ጓሮ በጥላው የያዘ ማንጎ ነበር፤ ፍሬው ለቤቱ ተርፎ ለጎረቤት የሚታደል። ክንዱ ጧት መጥረቢያውን አንሥቶ ጀመረና ከሰዓት በኋላ ገነደሰው። ከዚያ ወደ ፓፓያው ዞረ። ከዚያ ወደ ዘይቱኑ። የቡናውን እግር ነቀለ፣ ጌሾውን መነጠረ፣ ጎመን እንኳ አላስቀረም። ጎረቤቱ ሀኒ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ምነው በደኅናዎ ነው?» ብትለው ቀና ሳይል «በደኅናዬ ነው ልጄ፣ በደኅናዬ» አላት። በደኅናው ነው እንግዲህ። ላቡ ከእንባው ጋር እየተቀላቀለ ከአገጩ ላይ ሲንጠባጠብ አይታዋለች፤ ጨዋ ልጅ ናትና ከአጥሩ ወረደች።

ነገሩ ከሥሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ክንዱ የቁንዝላ ልጅ ነው፤ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ዓሣ ሲበላ ያደገ፣ እርጥብ አፈር ካልሸተተው እንቅልፍ የማይወስደው። በጎልማሳነቱ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ተቀጥሮ ዋግ ሄደ። ድንጋይና ፀሐይ ብቻ ያለበት አገር ተመደብሁ ብሎ እያዘነ ነበር የሄደው። ተከዜ በረሃ ሲቆፍር ወባ ያዘውና ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ ካርድ የምታወጣው ልጅ ስሙን አስደግማ ጻፈችው። ፀሐይወርቅ አዘዘ ናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ወባን ሲያመሰግን የኖረ ሰው በጎጃም ምድር ክንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ተጋቡ፣ ወደ ባሕር ዳር ተዛወሩ፣ ቃልኪዳንን ወለዱ፣ ይህን ቤት ሠሩ። ፀሐይወርቅ ከደረቅ አገር መጥታ ይህን ሁሉ ልምላሜ ስታይ እንደ ልጅ ሆነች። የበላችውን ፍሬ ሁሉ ዘሩን ትቀብራለች፤ የቀበረችውም አንድ ቀን አሳፍሯት አያውቅም። ማንጎውን የተከለችው እሷ ናት። ዘይቱኑንም ቃልኪዳን በተወለደች ሰሞን ያጸደቀችው እሷ ናት። ክንዱ ያን ዕለት የቆረጠው የሚስቱን የእጅ ሥራ ነው።

የፀሐይወርቅ ሕመም ሲጀምር ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ መጨመር ነበር። ከዚያ የልጇን ቤት መንገድ ረሳች። ከዚያ ቃልኪዳንን በእኅቷ ስም ትጠራት ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ክንዱን ለብቻው አስቀመጠና፣ «አባቴ፣ ይህ የመርሳት ሕመም ነው። መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ አይመልሰውም። ወደ ኋላ ነው የምትሄደው፤ የቅርቡ እየጠፋ የሩቁ ይቀራል» አለው። ክንዱ ከዚህ ሁሉ የሰማው የመጨረሻዋን ነው። የሚቀር ነገር ካለማ ምን ያስለቅሳል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ወጣ።

ደግሞም አንድ ያልረሳችው ነገር ነበር፤ እሱኑ። የወሩን ስም፣ የበላችውን ምሳ፣ የገዛ ልጇን ስም ብትረሳም ባሏን ታውቃለች። ጧትም «ክንዱ» ነው፣ ማታም «ክንዱ» ነው። ለሰው አይናገረው እንጂ በዚህ በሆዱ ይኮራ ነበር። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ጫማዋን ታጠልቃለች፣ «ና እንጂ ክንዱ፣ ቤት አድርሰኝ። አባቴ ይቆጣሉ» ትላለች።

«ቤትሽ ይኸው አይደል ፀሐዬ?»

ዙሪያዋን ታያለች፤ ማንጎውን፣ ቡናውን፣ ሣሩን። «ይኸማ የሰው ቤት ነው። ቁልቋሉ የታለ? በራችን ላይ ቁልቋል አለ'ኮ።»

መጀመሪያ ሰሞን እጇን ይዞ ሰፈሩን አዙሮ ሲመልሳት ልቧ ይረጋ ነበር። በኋላ እሱም አልሠራ አለ። አንድ ቀን ክንዱን ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሸለብ ሲያደርገው ወጥታ ሄደች። ደንገል የሚያጭዱ ሰዎች ናቸው ያገኟት፤ ሐይቁ ውስጥ፣ ውኃው ወገቧ ላይ ደርሶ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። «ወደ አባቴ ቤት የሚያሻግረው በየት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው አሉ። ክንዱ እርጥብ ቀሚሷን አወለቀላት። ዕድሜውን ሁሉ ሲወደው የኖረውን ሐይቅ ያን ቀን ጠላው።

ቃልኪዳን ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ታስተምራለች፤ የምትኖረው ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሰባታሚት ነው። በነጋታው ትልቅ ጓጉንቸር ገዝታ መጣች። «አባዬ፣ ሌላ ምርጫ የለንም» ብላ በሩን ቆለፈችው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ ሄደች። አልከፈት ሲላት በመዳፏ ቆርቆሮውን መታችው። «ክፈቱልኝ፣ ምን አደረግኋችሁ?» እያለች እጇ እስኪያብጥ መታችው። ከዚያ ወደ ክንዱ ዞረችና «አንተም ከእነሱ ጋር ነህ?» አለችው። ይቺ ቃል አንጀቱን በጠሰችው። ተነሥቶ ከፈተላትና ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው። «ከእንግዲህ ሚስቴን እንደ ሌባ አልቆልፍባትም» አለ፤ ልጁም ያን ፊቱን አይታ አልተከራከረችም።

ታዲያ ዋግ ወስዶ አያሳያትም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ሞክሯል። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል፤ ተከፈተ በተባለ ሰሞን ይዟት ወጥቶ፣ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ ተባሉ፤ እሷ አውቶቡሱ ውስጥ እየጮኸች፣ ሰው ፊቱን እያዞረ፣ እንደ ምንም ባሕር ዳር ገቡ። ደግሞስ ቢደርሱ ምን ያገኛሉ? አባቷ አቶ አዘዘ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። ቤቱም ተሽጦ፣ ፈርሶ፣ የሌላ ሰው ሕንፃ ቆሞበታል። የምትሄድበት ቤት በዚህ ምድር ላይ የለም። ክንዱ ይህን ሲያብሰለስል ሰነበተና አንድ ቀን ማንጎው ሥር ቁጭ እንዳለ፣ እንግዲያው እኔ ልሥራላት አለ። ያ ቤት ምንድን ነው? በሩ ላይ ቁልቋል፣ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ፣ እዚህም እዚያም እሬት፣ የቀረው ደረቅ መሬት ነው። ውኃ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ ውኃ የማይደርስበት መሬት መሥራት እንዴት ያቅተዋል?

ቁልቋልማ በጎጃምም ሞልቶ የለም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ክንዱን ፊት ለፊት እንዲህ ያለው ሰው ግን ስድቡን ጠጥቶ ይሄዳል። የዋጉን ነው የፈለገው። ደሞዝ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ያውቃል፤ የሰቆጣ ልጅ፣ መንገድ ሲከፈት እህል የሚያመላልስ። ደወለለት። ደሞዝ መጀመሪያ ሳቀ። «ጋሽ ክንዱ፣ ሰው ከዋግ ማር ያስመጣል፣ ሙክት ያስመጣል። እርስዎ ቁልቋል?» ምክንያቱን ሲሰማ ግን ሳቁን ዋጠው። ከሳምንታት በኋላ ክንድ ክንድ የሚያህሉ ቅርንጫፎች በጆንያ ጠቅልሎ አመጣለት። «አሁን እንዳይተክሉት» አለው። «የተቆረጠበት ፊቱ እንደ ቁስል ቅርፊት እስኪያበጅ ጥላ ላይ ይሰንብት። ሲተክሉትም ውኃ እንዳያሳዩት። ወተቱን ደግሞ ይጠንቀቁ፣ ዓይን ያጠፋል።»

ቅርንጫፎቹ ሰርቪሱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቁስላቸውን ሲያደርቁ ነው እንግዲህ ክንዱ መጥረቢያውን ያነሣው። ቃልኪዳን አመሻሹ ላይ ስትመጣ ጓሮው ባዶ ሆኖ አገኘችው።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያደረግኸው? ይህ'ኮ የእማዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ?»

«ይህን ስታይ ነው'ኮ የሰው ቤት ነው የምትለው። ጥላውን ትፈራዋለች።»

«እኔም እዚሁ ጥላ ሥር ነው ያደግሁት። ነገ ልቧ መለስ ቢልና ማንጎዬስ ብትል ምን ልትላት ነው?»

 ክንዱ መጥረቢያውን ማጠብ ጀመረ። ቃልኪዳን የዘይቱኑ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ፀሐይወርቅ ግን በረንዳው ላይ ቆማ የተገለጠውን መሬት ትክ ብላ ታይ ነበር። ያን ቀን ቤት አድርሰኝ አላለችም። ክንዱ ይህን ለልጁ ሊነግራት ሲል እሷ ተነሥታ ሄደች።

ጥቁሩን አፈር እስከ ጉልበቱ ቆፍሮ አወጣው። የሐይቅ ዳር ልጅ ሆኖ ያን የመሰለ ለም አፈር በጋሪ አስጭኖ ሲያስጥል ነውር የሠራ ያህል ተሰማው። በቦታው ጠጠራማ ገረገንቲ ደለደለ፣ በላዩ አሸዋ ነፋበት፣ ቁልቋሎቹን ተከለ። ለአንድ ወር ያህል ቀጥ ብለው ቆሙለት፤ ከዚያ ክረምት ገባ። የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ክንዱ አራት ቋሚ አቁሞ ላስቲክ ዘረጋላቸው። ነፋሱ ላስቲኩን ቀደደው። ሌላ ገዛ። ከላይ የሚወርደውን ቢከለክል ከሥር የሚመጣውን አልቻለም፤ መሬቱ ራሱ ውኃ ይተፋል። አንድ ጧት የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ነካ ቢያደርገው ከእግሩ ላይ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ። ሥሩ ለስልሶ፣ ቡናማ ውኃ ይዞ፣ ሸቷል። የቀሩትንም አንድ በአንድ ነካቸው። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። በዝናብ ውስጥ ቆሞ፣ ቁልቋሉን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ያ ጠንካራ ሰውዬ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

በዚያ ሰሞን እሷም ባሰባት። ዝናቡ እየወረደ ልሂድ ትላለች፤ ክንዱ ከኋላዋ ጥላ ይዞ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ሁለቱም እየዳከሩ ዞረው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ወደቀች። ቃልኪዳን «አባዬ፣ ሁለታችሁም ልትሞቱብኝ ነው» ስትለው ጆሮ አልሰጣትም። ለደሞዝ ደወለ። ደሞዝ ሁለተኛውን ጭነት ይዞ ሲመጣ ጓሮውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጉድጓድ ውስጥ ነው'ኮ የተከሏቸው» አለው። «እኛ አገር ቁልቋል ካብ ላይ ነው የሚበቅለው። ከፍ ያድርጉት።» ክንዱ በራሱ ሳቀ፤ ጉድጓድ የለመደ ሰው ሌላ ምን ያውቃል።

ዝናቡ ቀነስ ሲል ድንጋይ አስመጣና እርከን መካብ ጀመረ። ወገቡ እንቢ እያለው፣ አንዱን ደርድሮ አንዱ እየፈረሰበት ሲታገል፣ ፀሐይወርቅ ከበረንዳው ወርዳ መጣች። ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከእጁ ወሰደችና አገላብጣ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ በትንሽ ጠጠር ደግፋ አስቀመጠችው። ነቅነቅ ብታደርገው ፍንክች አላለም። ሌላ አነሣች። አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ታዜማለች፤ በኽምጣና ነው፣ በአባቷ ቤት ቋንቋ። ክንዱ ያን ቋንቋ አይሰማም። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ከስድብና ከሰላምታ በላይ አላስተማረችውም፣ እሱም አልጠየቃት። አሁን ድንጋይ እያቀበላት ለምን አልጠየቅኋትም እያለ ተቆጨ። ቢሆንም ደስ ብሎት ነበር። እሷ ትክባለች፣ እሱ ያቀብላል፤ ሲደክማት አረፍ ይላሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ክንዱ፣ ጎበዝ ሆነሃል» አለችው። ሙሽራ ሆኖም እንዲህ አልተደሰተም።

ቅርንጫፎቹ ካቡ ላይ ተተከሉ። መስከረም ጠባ፤ ጥቅምት ላይ አንደኛው ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ለጋ አረንጓዴ አወጣ። ክንዱ ያቺን ቡቃያ ለማየት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ቢቆጠር ያሳፍር ነበር። እሬቱም ያዘ። ፀሐይወርቅ ካቡ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠችና እዚያ መዋል ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ነጠላ ማጣፋት የለም። ፀሐይ ዘንበል ትላለች፣ ቤት አድርሰኝ የለም። ክንዱ በሩን ሆን ብሎ ክፍት ትቶ ከመስኮት አድብቶ አያት። በሩን አየችው፣ ተነሥታ ሄዳ ዘጋችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ቃልኪዳን ስትመጣ እናቷ ስትስቅ አገኘቻት። በር ላይ ሲሸኛት «አባዬ፣ አንተ ነህ ያወቅኸው» አለችው። ክንዱ በዚያ ክረምት ያየውን ሁሉ አበሳ ይህች ቃል ካሰችው።

ካሰችው ስል ግን ያቺው ጥቂት ወር ናት። በጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒቷን ገዝቶ ተመለሰና በሩን ገፍቶ ገባ። ፀሐይወርቅ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችና ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችው።

የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። «የቤቱን እመቤት» አላት።

«እናቴ የለችም። አባቴም ገበያ ወርደዋል። ሌላ ቀን ይምጡ።»

«ፀሐዬ፣ እኔ ነኝ'ኮ። ክንዱ።»

ስሙን ሰማችው። በከንፈሯ ደገመችው፤ ምንም አላስታወሳትም። አንድ እርምጃ ሲጠጋት ወደ ካቡ ሸሸችና «ሰው አለ፣ እጮኻለሁ» አለችው። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን ተጣልተዋል፣ ተኳርፈዋል፤ አንድ ቀን ግን ፈርታው አታውቅም። ክንዱ መድኃኒቱን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ወደ ኋላው እየሄደ ወጣ፣ በሩን ከውጭ ቀስ ብሎ ገጠመው።

አጥሩ ሥር ቁጭ ካለ በኋላ ነው የገባው። ቤት አድርሰኝ አለችው፣ ቤት አደረሳት። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ክንዱ የሚባል ሰው የለም። እሷ ገና ልጃገረድ ናት፤ ወባ የያዘው ጎጃሜ ገና አልመጣም፣ ካርድም አልወጣለትም። ክንዱ የነበረው ማንጎ ያለበት ቤት ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ በገዛ መጥረቢያው ጣለው። ቃልኪዳን ሲደውልላት ከሥራ ስትሮጥ መጥታ አቅፋው «ሐኪሙ ያለው ነው'ኮ አባዬ፣ አንተ ባትነካውም ይመጣ ነበር» አለችው። ይሆናል፣ እውነቷን ይሆናል። ክንዱ ግን ልቡ ይህን አልቀበል አለ።

ሞከረ፤ አልሞከረም አይባልም። የሠርጋቸውን ፎቶ በቃልኪዳን እጅ ላከላት። «ሸጋ ሙሽሮች፣ የማን ልጆች ናቸው?» አለች። የምትወደውን ወጥ ሠርቶ ይዞ ገባ፤ አልበላችለትም። ቃልኪዳንን የአክስቷን ልጅ አድርጋ ተቀብላታለች፤ አብራት ትተኛለች፣ ጸጉሯን ቃልኪዳን ትሠራላታለች። ባልየውን ነው ያስወጣችው። ልጅቱ ልጆቿን ለባሏ ትታ ወደ እናቷ ስትገባ፣ አባትየው ሰርቪሱ ውስጥ ማደር ጀመረ። ጧት እሷ ሳትነሣ ይወጣል፤ ቀኑን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ሲመሽ እሷ ወደ ቤት መግባቷን ቃልኪዳን ደውላ ስትነግረው እንደ ሌባ ሾልኮ ይገባል።

«እንንቀለው» አለችው ቃልኪዳን አንድ ቀን። «ቁልቋሉንም ካቡንም። የማንጎ ችግኝ እናምጣ። ምናልባት...»

ያቺ ምናልባት ክንዱን ሌሊቱን ሙሉ ፈጀችው። በነጋታው ማለዳ ገጀራውን ይዞ ካቡ ጋ ቆመ። ቁልቋሎቹ ጸድቀዋል፤ ሁሉም ጫፍ ጫፋቸው ላይ ለጋ አውጥተዋል። አንድ ምት ይበቃቸው ነበር። ቢቆርጣቸው ታውቀው ይሆናል፤ ላታውቀውም ትችላለች። አንድ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ታጣፋለች። ቆርቆሮውን ስትመታ ያበጠ እጇን አስታወሰ። ሐይቁ ውስጥ ቆማ የነበረበት ቦታ ታየው። ሚስቱ እንደገና ቤት የሌላት ሰው ትሆናለች፤ ለምን? ክንዱ ስሙ እንዲጠራለት። ገጀራውን ይዞ ተመለሰና ሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ቃልኪዳን በመስኮት ስታየው ነበር።

በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ሰለቸው። ቤቱ ናፈቀው። ከቤቱም እሷ ናፈቀችው፤ ሩቅ ሆኖ በመስኮት ማየት ሳይሆን ቁጭ ብሎ ማውራት። ሄደና በገዛ በሩ ላይ ቆሞ አንኳኳ። «ቤቶች» አለ። እሷ «ማነው?» ስትል፣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«የመሸበት እንግዳ ነኝ። ስለ እግዜር አሳድሩኝ።»

የመሸበትን መንገደኛ በሯ ላይ አቁማ የምትመልስ የዋግ ልጅ የለችም። አባቷ ባይኖሩም፣ ወንድ ቢሆንም፣ የእግዜር እንግዳ ነው። በሩ ተከፈተ። ፀሐይወርቅ ሽበቱን አየች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። «ይግቡ አባቴ። አባቴ እስኪመጡ እዚህ ይረፉ» ብላ የራሷን ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቀቀችለት። ቃልኪዳን ከውስጥ ብቅ አለች፤ አባቷ በዓይኑ ዝም በይ አላት፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከቁንዝላ። ጣና ዳር።»

«ጣና ምንድን ነው?»

«ውኃ ነው። ማዶው የማይታይ ውኃ።»

ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ እንደ ልጃገረድ። «መንገደኛ ወሬ ያሳምራል። ማዶው የማይታይ ውኃ የት ይገኛል?» አለችና ወዲያው ደፈርሁ ብላ መሰለኝ ቁም ነገር ጠየቀችው። «ሚስት አለችዎት?»

«አለችኝ።»

«ጥለዋት ነው የመጡ?»

«እሷ ናት የሄደችው። አባቷ ቤት ገባች።»

«አኩርፋ ነዋ።»

«እንጃ። አጥፍቼ ነበር። ሳላማክራት የተከለችውን ሁሉ ቆረጥሁባት።»

«ታዲያ ሽማግሌ ይላኩባት እንጂ። ሽማግሌ ከመጣ አባቷ እምቢ አይሉም፤ እሷም ትመለሳለች። እንዲሁ ነው የሚደረገው።» ሙያ እንደምታስተምር ሴት ኮራ ብላ ነው የተናገረችው።

 ክንዱ ቁልቋሉን አየ። «ደስ ብሏት ነው ያለች» አላት። «እዚያ አትፈራም፣ አታለቅስም። እንዲያው እንቅልፍም ወስዷት ያድራል።»

ፀሐይወርቅ አሰበችበት። ነገር ስታስብ ግንባሯን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ያ አልተለወጠም። «እንግዲያው ይተዋት» አለች። «እርስዎ እንደሚወዷት ያስታውቃል። የሚወዱ ከሆነ ይተዋት።»

«እሺ» አላት።

ቃልኪዳን ደጃፉን ትታ ወደ ውስጥ ገባች። ፀሐይወርቅ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዛ መጣችና ፊቱ ተንበረከከች። «ጫማዎን ያውልቁ፣ መንገድ የደከመው እግር ነው» አለችው። ክንዱ ጫማውን አወለቀ። ሽበት የገባበትን የጸጉሯን ሥር፣ ቃልኪዳን የሠራቻትን ሹሩባ እያየ እግሩን ዘረጋላት። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሸች አጠበችው፤ ተረከዙ ላይ ያለችውን፣ ድሮ የምታውቃትን አሮጌ ጠባሳ በአውራ ጣቷ አልፋት ሄደች። «አባቴ ሲመጡ እንግዳ አለን ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ አይስጉ» አለችው። ክንዱ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለና ሌላኛውን እግሩን ሰጣት።